የወንድም ጋሼ ማይክ

ማክሰኞ

የስኔሯ ማይክ ዛሬ ተመታች። ወንፊቷ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ከሥሩ ያለችው ስስ ሽፋን ተቀድዳለች። ስኔር የምንላት በወንድም ጋሼ ጉልበቶች መሃል የምትቀመጠው ጠፍጣፋዋ ከበሮ ናት። ዘፈኑን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እሷ ስለሆነች፣ ማይኳ ከሞተች ሕዝቡ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ማጨብጨቡን ይተዋል። በሁለተኛው ዘፈን መሃል ጓ! አለና ድምፁ ጠፋ። ድምፅ ከማስተካክልበት ሚክሰር ኋላ ሆኜ የሌሎቹን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ እንደምንም ተወጣሁት።

መያዣዋ ላልቶ ነው። ብሎኑ ካልጠበቀ ማይኳ በየምቱ ፈቀቅ ፈቀቅ እያለች ወደ መምቻው ስቲክ ትሄዳለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዝግጅቱ በፊት ማጥበቅ ነበረብኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ እሷን ስበልት ዋልኩ። ወንፊቷን አውልቄ በማንኪያ ጀርባ ከውስጥ እየገፋሁ አቀናሁት፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። የተቀደደውን ሽፋን ከነተጠመጠመበት ሽቦ አወጣሁና ከአንዲት አሮጌ ማይክ የነቀልኩትን ተካሁ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። ትንፋሼን ውጬ ነው የምበይደው፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አለቀ።

ወንድም ጋሼ በሩን ተደግፎ ያየኛል። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ በቀኙ ሻይ ይዟል።

«ወጌሻዬ፣ ትተርፋለች?»

«ትተርፋለች። ግን ምን ብታደርግህ ነው እንዲህ የደበደብካት?»

ሳቀ። ቶሎ አልነበረም የሳቀው። «መያዣው ላልቶ ይሆናል» አለ።

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» አልኩት።

ተስማማን። ቤት ስንገባ እትዬ ሚስቱ «ምነው ዛሬ ሁለታችሁም ዝም አላችሁ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለችን። የነሱ ጓሮ ክፍል ውስጥ ስለምኖር እራት ከነሱ ጋር ነው የምበላው። እትዬ ደግሞ ዝምታ አትወድም፤ ዝም ካልን ሬዲዮኑን ትከፍትብናለች።

ቅዳሜ

እንደገና። ያችው ማይክ፣ ያው ጎን። ብሎኑን ራሴ በጉጠት አጥብቄው ነበር። ደክሞኛል፣ ነገ እጽፋለሁ።

እሁድ

ስለ ትናንቱ። ያቀናሁትን ጠባሳና አዲሱን ስርጉድ ብርሃን ላይ አድርጌ አየኋቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለቱም ከግራ በኩል፣ ከላይ ወደ ታች። መያዣዋም በግራ በኩል ስለሆነች ነው፤ ስትላላ ወደዚያው ታዘነብላለች። አዎ፣ እንደዚያ ነው።

ወንድም ጋሼ ማይክ የሚመታ ሰው አይደለም። አባታችን ሞቶ፣ እኔ ትምህርቴን ትቼ ግድግዳ ሳይ ስውል፣ «ተነሺ፣ ጆሮ ያለው ሰው አይራብም» ብሎ እጄን ይዞ አዳራሽ አስገባኝ። ከሚክሰር ኋላ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንዲት ማይክ ሲነካ አይቼው አላውቅም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመታ እንኳ። ሌሎች ከበሮ መቺዎች ማይክ ይፈጃሉ፤ እሱ ስቲኩን በማይኮቹ መሃል እንደ መርፌ ነው የሚያሾልከው።

ስለዚህ ጥፋተኛው የማይኩን ማቆሚያ ስታንድ የሚያቆመው ሰው ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ

ዕቃ ጫኛችንን «ትከሻው» ነው የምንለው፤ ስፒከሩን ለብቻው ተሸክሞ ደረጃ ስለሚወጣ። ዛሬ ሰው ፊት ያዝኩት።

«ስታንዱን ምን እያደረግከው ነው? ሁለት ጊዜ ማይክ አሰበርከኝ!»

«እህቴ ሙች፣ አንቺ እንዳስቀመጥሽው ነው ያለው። ንቅንቅ አላለም።» ከዚያ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጋሼ ግራ እጅ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየዋለሁ እኮ። ስቲኳ ትወርድበታለች።»

ጮህኩበት። «አንተ ሳጥንህን ተሸከም! ከበሮ መቼ ነው የተማርከው?» አልኩት። የኔ አፍ መሆኑን ለማመን ይከብደኛል።

ጩኸቱን ሰምቶ አለቃ መጣ። አለቃ የባንዱ መሪ ነው፤ ኪቦርድ ይመታል፣ ሰው ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ይመስለዋል። «ማነው ማይክ የሚሰብረው?» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ትከሻው ነው፤ አስተካክሎ አያቆምም» አልኩ።

ትከሻው ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ወንድም ጋሼ የነሐስ ሳህኑን፣ ሲምባሉን፣ ሲያጠብቅ ነበር። ሰምቷል። ማጥበቁን ቀጠለ።

ሐሙስ

ትከሻውን አሰናበቱት። ልጆች አሉት። ስንት እንደሆኑ ጠይቄው አላውቅም።

ዝናቡ ጀመረ። የጓሮ ክፍሌ ጣራ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ አደረ።

ቅዳሜ

አዲሱ ዕቃ ጫኝ ስታንዱን አቆመ፣ እኔ አጠበቅኩ፣ ከዚያም በፕላስተር ጠመጠምኩት። ዛሬ ደግሞ ቶም የምንላት የትንሿ ከበሮ ማይክ ተመታች። እሷም በግራ በኩል ናት። አንገቷ ላይ ተሰብራ በኬብሏ ተንጠልጥላ አገኘኋት።

ዛሬ የማመካኝበት አጣሁ።

እሁድ

አገኘሁ። ማይኮቹን ከከበሮው አጠገብ ለምን አስቀምጣለሁ? ትንሽ ላርቃቸው። ስቲክ የማይደርስበት ማይክ አይመታም፤ ይሄን ለማሰብ ይሄን ሁሉ ጊዜ መፍጀቴ ይገርመኛል።

ማክሰኞ

አራቅኳቸው። አንድም አልተመታም። ግን ድምፁ ሳሳ። አለቃ ከመድረክ ሲወርድ፣ «ዛሬ ከበሮው ጎረቤት ቤት ነው እንዴ ሲመታ ያመሸው?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ወንድም ጋሼም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ ማይኮቹ ላይ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ማይኮቹን ለምን አራቅሻቸው?» አለኝ።

«ለድምፅ ብዬ ነው። አሁን እንደዚህ ነው የሚደረገው።»

«አሃ» አለ። ብዙ ሄደን ሄደንና፣ «ለማንኛውም መልሻቸው። ባዶ ሆኖ ሳየው የምመታው ለማንም አይመስለኝም» አለ። ጃንጥላውን በቀኙ ነበር የያዘው። እኔ በግራው በኩል ነበርኩና በዝናብ ራስኩ፤ ወደዚያኛው እጁ አላዞረውም።

ዓርብ

ልምምድ ላይ አለቃ ኮሪደር ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ኬብል ስጠቀልል ነበር፣ አላየኝም። «ልጁ ጎበዝ ነው አሉኝ። አይ፣ ገና አልነገርኩትም። እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ? ከአልበሙ በኋላ እናያለን» አለ።

ልንቀዳው ያለነው አልበም ሲያልቅ ሌላ ከበሮ መቺ ሊያመጣ ነው። ወንድም ጋሼን ከከበሮው ካነሱት ምን ይቀረዋል? ሌላ ሥራ አያውቅም። ሰው ሲያናግረው እንኳ በጣቶቹ ጠረጴዛ እየመታ ነው የሚመልሰው። ከዚያ ወንበር ካነሱት ሰውየው ያበቃለታል። አላስነሳውም። እኔ እያለሁ አይነሳም።

ሰኞ

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ የሠራሁትን ሰው ቢያየኝ አእምሮዋን ነካት ይለኝ ነበር።

አንገቷ የተሰበረውን የቶም ማይክ መድኃኒት ስለሌላት በአዲስ ተካኋት፤ ስኔሯን ግን ሌላ መላ መታሁላት። ሁለቴ የተመታችውን ማይኳን ከፍቼ ሆድ ዕቃዋን በሙሉ አወጣሁ። ሽፋኗን፣ ሽቦዋን፣ ማግኔቷን። ባዶ ቀፎ ሆነች። ወንፊቷን መልሼ አጥብቄ፣ ኬብል ሰካሁባትና ድሮ በነበረችበት ቦታ አስቀመጥኳት። የምትሠራ ሌላ ማይክ ደግሞ ከስኔሯ ሥር ወደ ላይ አዞርኳት፤ እዚያ ስቲክ አይደርስባትም። ላይኛዋ እንደፈለገች ትመታ። ጓ የሚል ድምፅ የለ፣ የሚሰበር ነገር የለ።

ወንድም ጋሼ ሲቀመጥ ማይኳን አያትና በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «ዳነች?»

«ዳነች።»

«በርቺ ወጌሻ።»

ሠራ። ድምፁም ደህና ነው። አለቃ ምንም አላለም፤ ለሱ ምንም አለማለት ምስጋና ነው።

ቅዳሜ

ባዶዋን ማይክ ከመድረክ ሳወርዳት አየኋት። ወንፊቷ ደቅቋል። ምን ያህል ጊዜ እንደተመታች መቁጠር አልፈለግኩም፤ ጨርቅ ጠቅልዬባት ከሳጥኑ ሥር ከተትኳት።

እሁድ

እትዬ ከሰዓት ወደ ክፍሌ መጣች። የመጣችው ጨው ልትጠይቀኝ መስላ ነው፤ የራሷ ወጥ ቤት ሙሉ ጨው እያለ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሸሚዙን እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በመጀመሪያ በጨዋታ ነበር። ‹የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ቆልፊልኝ› ይለኛል። እኔም ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግራ እጁ ቁልፍ አይዝለትም። ትናንት ደግሞ ብርጭቆ ወደቀበትና ጮኸብኝ። እሱ መቼ ጮሆብኝ ያውቃል?» ወደኔ ዞረች። «አንቺ አብረሽው ነው የምትውዪው። ምንም አላየሽበትም?»

«ምንም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለችና ተነሣች። ጨውም ሳትወስድ ሄደች።

እኔ ምን ነካኝ? እትዬ እኮ ክፉ አትመኝለትም። ነገር ግን ለእትዬ ከነገርኳት ሐኪም ቤት ትወስደዋለች፤ ሐኪም ደግሞ «ሥራ አቁም» ይለዋል፤ አለቃም ልጁን ያመጣል። አልበሙ ይለቅ ብቻ። ከአልበሙ በኋላ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ። አልበሙ ብቻ ይለቅ።

ረቡዕ

እትዬ አሸነፈች። ለሐኪም ቀጠሮ ይዛለታለች፤ እሱም እሺ ብሏታል፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ይሁን በሚል። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ትንሽ ቀለል አለኝ። በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ቀረጻ

ስቱዲዮ። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ማዳመጫዬን አድርጌ የስኔሯን ድምፅ ለብቻው ሰማሁት። እግዚኦ።

ሰኞ፣ ማታ

አዳራሽ ውስጥ ሌላው ሙዚቃ ይሸፍነዋል፤ ስቱዲዮ ግን ምንም አይሸፍንም። አንዱ ምት ይሰማል፣ ሌላው የለም። አንዱ በሰዓቱ ይመጣል፣ ቀጣዩ እያነከሰ ይከተላል። አንዴ ስቲኩ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ «ላብ ነው» አለና አነሳው። ስቱዲዮው ይበርዳል፣ እኔ ኮት ለብሼ ነበር።

አለቃ አጠገቤ ተቀምጧል። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ማይኩ ነው» አልኩ።

«ሁልጊዜ ማይኩ!»

«አርጅቷል። አስተካክለዋለሁ፣ ተወው ለኔ።»

ወንድም ጋሼ በመስታወቱ በኩል አውራ ጣቱን አሳየኝ። የቀኙን። እኔም አሳየሁት።

ሐሙስ

ያለፈው ዓመት ቀረጻ አለኝ። የዚያን ጊዜ ምቶቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ እንደ ብስኩት ቀሽ የሚሉ። ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱ ምት እንደ ትንሽ ጉብታ ይታያል። የዘንድሮውን እየቆረጥኩ አወጣሁ፣ የአምናውን በቦታው አስገባሁ። የዘገየውን ወደ ሰዓቱ ጎተትኩ። የጠፋውን ሞላሁ። ከዘፈን ወደ ዘፈን። ሁሉም የሱ እጅ ነው እኮ፤ የሌላ ሰው አላስገባሁም። ይሄ ማጭበርበር ሳይሆን ጥገና ነው። ማይኳን ጠገንኩ፣ ድምፁን ጠገንኩ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስጨርስ ዓይኔ ደም መስሏል። ዘፈኖቹ ግን ወንድም ጋሼ ሆኑ።

ቅዳሜ

ሁላችንም ተሰብስበን ሰማን። አለቃ መጀመሪያ ክንዶቹን አጣጥፎ ነበር፤ በሦስተኛው ዘፈን ፈታቸው። በመጨረሻ ተነሥቶ ወንድም ጋሼን ጀርባውን መታው። «ይቅርታህን አድርግልኝ። እኔ ደክመሃል ብዬ ነበር» አለው።

ወንድም ጋሼ እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ቆይቷል። ወንበሩ ላይ ሆኖ በእግሩ እየመታ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «ሰማችሁ? ሰማችሁ አይደል? እጁ ሞቷል ስትሉ የነበራችሁ!» አለ።

ማንም እንደዚያ ብሎት አያውቅም።

«ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ደህና ነህ» ስለው አቅፎኝ ወጣ። በአንድ እጁ ነው ያቀፈኝ።

ሰኞ

ቀጠሮውን ሰረዘው።

እትዬ እያለቀሰች ነገረችኝ። «‹በጆሮዬ ሰማሁት እኮ፤ እጄ ከአምናው አይለይም፣ ሐኪም ምን ሊለኝ ነው?› ይላል። አንቺም ያልሽውን ነገረኝ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው እንዳልሽው። ታዲያ እኔ ነኝ እንዴ ያበድኩት?»

ከአምናው አይለይም። በእርግጥ አይለይም።

አልነገርኳትም። እትዬ ወጣች። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የራሴን ሁለት እጆች እያየሁ ቆየሁ።

ረቡዕ

አለቃ ትልቅ ኮንሰርት ይዞልናል። ስታዲየም። እዚያ የሚቆረጥና የሚተካ የለም።

ዓርብ

ግራ እግሩ። የጫማው ጫፍ በደረጃው ላይ ትይዘዋለች። ዛሬ ሁለቴ ተደናቀፈ። ደረጃውን ሰደበው።

እሁድ

«አንገቴን ቆረጠመኝ፣ ትራስ አይመቸኝም» ይላል። እትዬ ትራስ ለወጠችለት። ሁላችንም የሆነ ነገር እየለወጥን ነው።

ማክሰኞ

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ሊድ ልገዛ ወጥቼ ነበር። መበየጃዬ ያለ እሱ አይሠራም። አንድ የሚሠራ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ብሎኬት የተሸከመ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ትከሻው ነበር። ፊቱ ሲሚንቶ ለብሷል። ይሰድበኛል ብዬ ቆምኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። ብሎኬቱን መሬት አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ጋሼስ ደህና ናቸው? እጃቸውን ተሻላቸው?»

«ደህና ነው» ማለት ነበረብኝ። «አልተሻለውም» አልኩት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

«አይ፣ ተይ እባክሽ። የኔም አጎት እንደዚሁ ነበር የጀመረው። ቶሎ አሳዩአቸው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እሱን ጠብቀን ጠብቀን በኋላ ከአልጋ መነሣት አቃተው።» ከዚያ ፎርማኑ ጠራውና ብሎኬቱን አነሣ።

ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም። ጎኑን እንደተወጋ ሰው እየተራመድኩ ሊዱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ዛሬ አደረግኩት።

ስቱዲዮው ቀን ላይ ባዶ ነው። «ና አንድ ነገር ላሰማህ» ብዬ ወሰድኩት። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሲቀመጥ ሁሉም ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ማዳመጫውን ሰጠሁትና የስኔሯን የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩለት። ምንም ያልተቆረጠውን፣ ምንም ያልተተካውን።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ግንባሩን ቋጠረ። ትንሽ ቆይቶ አንዱን ጆሮውን ገለጠ።

«ማነው ይሄ? አለቃ ሊያመጣው ያለው ልጅ ነው?»

ወይ ጉዴ፣ ልጁን ያውቃል። ከሱ ተደብቋል ያልኩትን ያውቃል።

«እንዴት ታየዋለህ?» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት አላውቅም።

«ስሜት አለው። ስሜት አለው ልጁ። ግን ግራ እጁ ገና ነው፤ ማንም አላስተማረውም። እዪ፣ እዚህ ጋ ዘገየ። እዚህ ደግሞ ጭራሽ ዋጣት።» በቀኝ ጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ያሳየኛል። «ወደኔ ላኩት። እኔ አስተካክለዋለሁ። ቅናት የለብኝም፣ ለአለቃ ንገሪው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ» አልኩት።

«ምኑ?»

«የሚመታው። በቀረጻው ሰኞ የቀዳነው ነው። አንተ ነህ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ቆመ። ማዳመጫውን መልሶ አደረገ፣ እንደገና እንድከፍትለት በእጁ አሳየኝ። ከፈትኩለት። በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧት ነበር፤ እያያት ነው የሰማው።

«ያን ቅዳሜ ያሰማሽንስ?»

«አምና የመታኸውን ነው ያስገባሁት።»

«ማይኳስ? ላይኛዋ?»

«ባዶ ናት።»

«አውቄያለሁ» አለ። «ስመታት ድምፅ የላትም።» ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ብዙ ለፋሽባት።»

ተነሥቶ ወጣ። ተከተልኩት። በዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ቆሜ ጠራሁት፤ አልዞረም።

ዓርብ

አያናግረኝም። እራት ክፍሌ ነው የበላሁት፤ እትዬ ነች ያመጣችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳህኑን ይዛ ቆማ ሰማችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «ያኔ ‹ምንም አላየሁም› ስትዪኝ እኔ አመንኩሽ እኮ» አለች። ሳህኑን አስቀምጣልኝ ሄደች።

ቅዳሜ

አለቃን አገኘሁትና ትከሻው ንጹሕ መሆኑን ነገርኩት። ማይኮቹን ማን እንደሚመታም፣ አልበሙ ላይ የአምናውን ምት እንዳስገባሁም ነገርኩት። ኪቦርዱን ሲወለውል ነበር፤ ጨርቁን አጣጠፈ።

«እኔ ጆሮ የለኝም መሰለሽ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኛ ነገር። ልጁን የጠራሁት እሱ ትንሽ እንዲያርፍ፣ እንዲታከም ብዬ ነበር። ከዚያ ያንን ቅጂ ስታሰሚኝ ተሳሳትኩ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት!» ያጣጠፈውን ጨርቅ ወረወረ። «ትከሻውን ዛሬውኑ ፈልጊው» አለኝ።

ሄድኩ። ሕንፃው ጋ አልነበረም። ሌላ ሥራ ይዟል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ

ትናንት ማታ እትዬ በሬን አንኳኳች። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ነን። ‹እሷም ትምጣ› ብሏል» አለችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይግፉ፣ ይሳቡ አለችው። በትንሿ መዶሻ ጉልበቱን መታችው፤ ግራ እግሩ እንደ ፈረስ ተፈናጠረ። እትዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐኪሟ ወደ ወንበሯ ተመለሰችና ጥርጣሬዋን ነገረችን፤ አንገቱ ውስጥ የሆነ ነገር ነርቩን ተጭኖታል፤ ፎቶ መነሣት አለበት።

«መቼ ጀመረዎት?» አለችው። «በደንብ አስበው ይንገሩኝ። ቅርብ ከሆነ በመድኃኒት ይዘን፣ ቀጠሮ ሰጥተን እናየዋለን። ከቆየ ግን ሌላ ነው።»

ወንድም ጋሼ ወደኔ ዞረ። ከሐሙስ ጀምሮ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ዕቃ ስሰብር አባታችን ፊት «እኔ ነኝ» የሚልበት ነው።

«ሰሞኑን ነው» አላት። «ከዚህ ሳምንት ወዲህ።»

ብዕሯን አነሣች።

«አይደለም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ድምፄ ከኔ ራቅ ብሎ የሚመጣ መሰለኝ። «ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። በመጀመሪያ ግራ እጁ፤ ስቲኩ ትወርድበት ነበር። ከዚያ ቁልፍ መያዝ አቃተው፣ ብርጭቆ ጣለ። ከዚያ ስቲኩን ከእጁ ጣለ። ከዚያ እግሩ። አንገቱን ያመዋል። አንድ ጊዜ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ደህና ነህ ብዬ አስቀረሁት።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። «እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«እህቱ ነኝ።»

«አብራችሁ ነው የምትኖሩት?»

«አብረን። የምሠራውም አብሬው ነው።»

አልተቆጣችኝም። ስልኩን አንሥታ፣ ዛሬውኑ አልጋ እንዲፈለግና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ እንዲጠራ ተናገረች። ወንድም ጋሼ «ዛሬ?» አላት። «ቅዳሜ እኮ ልምምድ አለን።»

«ዛሬ» አለችው። «በጣም ቆይተዋል። የተረፈውን እናትርፍ ነው አሁን፤ የሄደው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።»

እትዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ። ሐኪሟ ከእኔ ወደሱ፣ ከሱ ወደ እኔ አየች፤ ልትጠይቅ የፈለገችው ነገር እንዳለ ከፊቷ ያስታውቃል። ወንድም ጋሼ ቀድሟት ተናገረ።

«እሷ የለችበትም» አላት።